ገመድ ፈቺው

አባቴን ሰፈሩ «ገመድ ፈቺው» ይለዋል። ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፍሩ ከካቴና ዘይት ጸድቶ አያውቅም፤ በሥራው የሚጠራው ግን የለም። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ሲገኝ፣ «ገመድ ፈቺው ጋ ውሰደው፣ እጁ ወርቅ ነው» ይሉታል፤ ምርቃቱንና ስድቡን በአንድ ትንፋሽ። ልጆች ጎማ አስነፍተው ሲሄዱ ጥጉ ላይ ዞር ብለው «ገመዱን ማን ፈታው?» ብለው ይጮሁና እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ነገሩ ሲሆን አንዳቸውም አልተወለዱም። ስድብ እንደ ሹራብ ነው፤ ታላቅን ሲጠበው ለታናሽ ይተላለፋል።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ያጸናሁበት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ልጅነቴን ግን እንደ ሐኪም ማስረጃ ይዤ አልቀርብም።

ያን ሰሞን ታላቁ የብስክሌት ውድድር በከተማችን እንደሚጠናቀቅ ተነገረ። ሥራቸው ብስክሌት መጋለብ የሆነ ሰዎች፣ ከስንትና ስንት አገር የመጡ፣ ሰባት ቀን ከከተማ ከተማ ሲፎካከሩ ሰንብተው የመጨረሻው መድረሻ ከቤታችን አምስት መቶ ሜትር የማይርቀው አደባባይ ሆነ። መንገድ የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ሲፈለጉ ቀድሞ የተመዘገበው አባዬ ነው። ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ሥልጠና ገባ። አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ፊሽካና አንድ ጥቅል ገመድ ይዞ ተመለሰና ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

እማዬ ሰደርያውን ልትተኩስ ካውያ አሞቀች።

«ሰደርያ ይተኮሳል እንዴ? ፕላስቲክ እኮ ነው!»

«በቴሌቪዥን ብትታይስ? ይሄ የተጨማደደው የማን ባል ነው ይበሉኝ?»

አንዱን አንጸባራቂ መስመር አቀለጠችው። እስከ ዛሬ ግራ ትከሻው ላይ የካውያው አፍንጫ ቅርጽ አለ።

ሕጉ ቀላል ነበር። ከውድድሩ ፊት ቀይ ባንዲራ የተከለች መኪና ትመጣለች፤ እሷ ካለፈች በኋላ የሚሻገር የለም። ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ ደግሞ አረንጓዴ ባንዲራ የተከለች ትመጣለች፤ እሷ ስታልፍ ገመድ ይፈታል። አባዬ ይህን እራት ላይ እኔን እየጠየቀ ያጠናው ነበር።

«ቀይዋ ስታልፍ?»

«መንገድ ዝግ!»

«አረንጓዴዋ ስታልፍ?»

«መንገድ ክፍት!»

«በመካከል?»

«ማንም አያልፍም! አባቴም ቢሆን!»

«አባቷማ ገመዱን ይዞ ወዴት ያልፋል?» አለች እማዬ፤ ሦስታችንም ሳቅን። በቤታችን በብስክሌት ውድድር ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የተሳቀው ያኔ ነው።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ባለ ኮፍያው መጣ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የኮሚቴው ሰው ነበር፤ አባዬንም ያሠለጠነው እሱ ነው፤ በደረሰበት ሁሉ ነጭ ኮፍያ ያድላል። ዘለግ ያለ፣ ሳቁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ ጫማው ላይ ፊት የሚታይ። የአረንጓዴዋ መኪና ኃላፊ እሱ ነበር። አባዬን «ኢንጅነር» ነው የሚለው።

«ኢንጅነር! ዋናውን መስቀለኛ ላንተ ነው የሰጠሁህ። እዚህ ከተበላሸ እዚያ ዋንጫ የለም።»

«አይበላሽም፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ እንጂ! ዛሬ እኔም መድረክ ላይ ነኝ፤ ዋንጫውን ከማቀብሉት አንዱ አድርገውኛል። ቶሎ መድረስ አለብኝ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰምቻታለሁ። ልጅ የማይመለከተውን ሁሉ ይሰማል። የገባችኝ ግን በሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ የሚሄድ ሰው መድረክ ላይ ቶሎ አይደርስም። መድረስ ካማረው መንገዱ አንድ ነው፤ ብስክሌተኛውን ቀድሞ መሄድ።

አባዬ ገመዱን ከመብራት ምሰሶው እስከ ሱቃችን በር ብረት ወጥሮ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣውን የጎን መንገድ ዘጋ። እኔን አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀመጠኝ። «ከዚህ ብትነሺ አንተዋወቅም» አለኝ። ሰው ተሰበሰበ። አሸዋ የጫነች ፒካፕ መጥታ አፍንጫዋን ገመዱ ላይ ደቅና ቆመች። ሾፌሩ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ጥሩምባውን ያንባርቃል።

«ወንድም፣ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል! ሲሚንቶው ተቦክቶ እየደረቀ ነው!»

«ይደርቃላ። ምን ላድርግህ?»

«ሳይመጡ ሽው ብዬ ልለፍ፤ ማን ያየኛል?»

«እኔ።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

አባዬ በአገጩ ወደ ሰደርያው አመለከተ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ቀይዋ አለፈች። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ አንድ ሰው ረጅም ጨርቅ ሳያቋርጥ ሲቀድ የሚሰማ ዓይነት። ቀጥሎ ፊቴን የመታኝ ነፋስ፣ ቀጥሎ ሽታው፦ የጡንቻ ቅባት፣ የጋለ የፍሬን ላስቲክ፣ ላብ። አንዱ ሲያልፍ ምራቁ ጉንጬ ላይ አረፈ፤ አልጠረግሁትም። አምስት ብቆጥር ነው፤ አለቁ።

«ይቺው ናት?» አለ ሾፌሩ። «ለዚች ነው እንደ በግ ታግተን የዋልነው?»

«አላለቀም» አለ አባዬ፤ ዓይኑን ከመታጠፊያው ሳያነሳ።

መለዋወጫ ብስክሌት ጣሪያቸው ላይ የተሸከሙ የቡድን መኪኖች አለፉ። ወደ ኋላ የቀሩ ሁለት ሦስት ብስክሌተኞች ተንጠባጥበው አለፉ። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ሰው ማዛጋት ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ የባሏን እናት ለማታውቃት ሴት ታማለች። አደባባዩ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ አሸናፊውን እያሞገሰ ነው። በመጨረሻ ከመታጠፊያው ነጭ መኪና ብቅ አለች፤ ጣሪያዋ ላይ አረንጓዴ ባንዲራ ይርገበገባል።

«ባለ ኮፍያው! ባለ ኮፍያው!» ልጅ ሁሉ ተነሳ።

እኔም ተነሳሁ። አባዬ ያለኝን ረስቼው አልነበረም፤ እያስታወስኩት ነው የተነሳሁት። በገመዱ ስር ሾልኬ መኪናዋን ተከትዬ ሮጥኩ። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ደከሙ፤ እኔ አልደከምኩም። ከኋላዬ የአባዬ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ጮኸ፤ «መንገድ ክፍት» ማለት ነው። የፒካፗ ሞተር አጓራ።

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ያን ያህል አልነበረም። ሙሉ ሣጥን ከመደርደሪያ ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ ሴት ጮኸች።

ነጯ መኪና መድኃኒት ቤቱን አልፋ ቀጥ አለች። ባለ ኮፍያው ወጣ። ወደ ኋላ አየ፤ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ዘወር ብሎ ባንዲራውን ከጣሪያው ነቀለ፣ ጨርቁን ከዘንጉ ላይ ገፈፈ፣ ዘንጉን ቦዩ ውስጥ ወረወረው። ቀና ሲል እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ እያለከለክሁ።

«አንቺ የኢንጅነሩ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ። ኮፍያ ስጠኝ።»

ጨርቁን በእጁ ይዞ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ያ የሚታወቀው ሳቁ መጣ።

«ጎበዝ! ሮጠሽ የደረስሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ እኮ! ላንቺማ ኮፍያ አይበቃሽም።» ጨርቁን አራት አጥፎ በሹራቤ ስር ሆዴ ላይ ሸጎጠው። «ይሄ የአንደኞች ሽልማት ነው። ለማንም እንዳታሳዪ፤ ካሳየሽ ይወስዱብሻል። አባትሽም ቢሆን ይወስድብሻል። እሺ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ አጠለቀልኝ።

ኪሱ ውስጥ ሊከተው ይችል ነበር። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ግን አይቼዋለሁ። ያየች ልጅ ብትባረር ትናገራለች፤ ከተሸለመች ሽልማቷን ትጠብቃለች። ይህን በዚያች ቅጽበት፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ እየጮኸ፣ አስቦ መድረሱን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ወደ መስቀለኛው ስመለስ ከፒካፗ ጎን አንድ ብስክሌተኛ ወድቋል። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ጎማው ሁለቴ ፈንድቶበት ወደ ኋላ የቀረ፣ ቢሆንም አቋርጬ አልወጣም ብሎ ወደ መድረሻው የሚጋልብ ኖሯል። ባለ ኮፍያው ቀድሞት አልፏል። አንድ ጫማው ፔዳሉ ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል፤ እግሩ ግን ውስጡ የለም። አባዬ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ይዞታል። «አትንቀሳቀስ፣ የኔ ልጅ፤ አትንቀሳቀስ።»

ሾፌሩ አሸዋው ላይ ወጥቶ ይጮሃል። «እሱ ነው! ፊሽካውን ነፋ፣ ገመዱን ፈታ፣ አለፍኩ! እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ባንዲራው አልፏል!» አለ አባዬ፤ ድምፁ ተሰንጥቆ። «አይቻለሁ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ሆዴን በሁለት እጄ ጫንኩ። አባዬ ሹራቤ ስር ያለውን ያየ መሰለኝ።

ባለ ኮፍያው በእግሩ እያዘገመ መጣ። ፊቱ አዝኗል፤ ማዘን ያውቅበታል። «የቱ ባንዲራ፣ ኢንጅነር? ባንዲራውን እኮ ድልድዩ ጋ ነፋስ ወሰደብኝ። ባዶ መኪና ነው በፊትህ ያለፈው። ይህን ልጅ የቀደምኩት ምትክ ባንዲራ ከአደባባዩ ላመጣ ስቸኩል ነው።»

ምን ዓይነት ጎበዝ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ምስጢራችንን ጠበቀልኝ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፦ ባንዲራው ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ክርክር እንዳለ ፈጽሞ አልገባኝም። መኪናዋ ባንዲራ እንዳላት ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ ለኔ ፀሐይ ወጥታለች ወይ ብሎ እንደ መከራከር ነበር። ትልልቆቹ «ባንዲራው የት አለ?» እያሉ ሲጯጯሁ የሚፈልጉት ሽልማቴን ሊቀሙኝ ነው አልኩ። ገመዱ ኋላ የነበረውም ሰው፣ ፖሊሱ እስክሪብቶ ሲያወጣ ዓይኑ ደክሞ ተገኘ። ሴትዮዋ «እኔ ጀሪካኔን ነበር የማየው» አለች። ሾፌሩ «እኔ ያየሁት ገመዱን ነው» አለ። እኔንም ጠየቁኝ፤ አባዬ ነው የመለሰልኝ። «እሷ ጎማው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከዚያ ምንም አይታይም።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። አለመታዘዜ ሳይታወቅብኝ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ።

የልጁ ዳሌ ተሰበረ፤ ዳግም አልተወዳደረም። የተጣመመውን ብስክሌት ቡድኑ «የሚጠገን ከሆነ እየው» ብሎ አባዬ ጋ ጥሎት ሄደ። የሚጠገን አልነበረም። አባዬ ግን አልጣለውም፤ ጓዳው ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ማንም እንዳይነካው አለ።

ማንም የማይነካው ዕቃ! ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? የብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አባዬ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ትንሿን መፍቻ አንስቼ የኮርቻውን ብሎን አላላሁ፤ ኮርቻውን ከነዘንጉ መዘዝኩ፤ ጨርቁን እንደ ሲጋራ ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ከተትኩ፤ ኮርቻውን መለስኩና ብሎኑን አጠበቅሁ። ሥራዬ ንጹሕ ነበር። አባዬ ቢያይ ይኮራብኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በእንጨቱ ግድግዳ በኩል ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እስቲ አንተ ያየኸውን ሌላ ማን አየ?» እማዬ ነች።

«አንቺም?»

«እኔ ምን አልኩ? ሰው ሲደክመው ይሳሳታል ነው ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመህ…»

«አንቺም!»

«ፈርምላቸው። የኮሚቴው ሰውዬ ከፈረምክ ክስ የለም ብሏል። አምላክ ይስጠው፣ ስንት ቦታ ነው የሮጠልን! ብትታሰር እኔና ልጅቷን ማን ያየናል?»

አባዬ ፈረመ። «መንገዱን በራሴ ስህተት ያለ ምልክት ከፍቻለሁ» የሚል ወረቀት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ነገር በቤታችን አልተነሳም። ለጥገና ይልኩለት የነበሩ ቡድኖች ብስክሌት መላክ አቆሙ፤ ለአባዬ የሰፈር ልጆች ጎማ ብቻ ቀረለት። ውድድር በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሰደርያው ከበር ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ባለ ኮፍያውስ? ባለውለታችን ሆነ። በየጊዜው ብቅ ይላል፤ አንዴ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ አንዴ የውኃ ኮዳ፣ አንዴ ባለ ቀለም እርሳስ። እማዬ የምታስቀምጥበት ቦታ ታጣለች። ሊወጣ ሲል ወደኔ ጎንበስ ይልና አንድ ዓይኑን ይጠቅሰኛል።

«እቺን ነገር ደህና አድርገሽ ይዘሻታል?»

«ይዣታለሁ፣ ጋሼ።»

እማዬ ስለ ቦርሳው መስሏት «እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት!» ትለዋለች። እውነቷን ነው። እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁለት። አሥር ዓመት ሲሞላኝ መምጣት አቆመ፤ ልጅ ሲያድግ ይረሳል ብሎ ነው መሰል።

እኔም ረሳሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አንድ ነገር በልጅነት ከተረዱት በኋላ ተመልሶ የሚመረምረው የለም፤ አሮጌ ዕቃ ጓዳ እንደሚቀመጥ ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ተማርኩ። ከፍተኛ ውጤት አመጣሁ። የጓዳው ብስክሌት ግን ትዝ አላለኝም።

ዘንድሮ ውድድሩ እንደገና በኛ አደባባይ እንዲያልቅ ተወሰነ፤ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩ። ለአባቴ ብዬ አይደለም፤ ሰርተፍኬት አለው ስለተባለ ነው። ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። አባዬ ሲሰማ «ገመዱን አጥብቀሽ ያዢ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን የኮሚቴው ሊቀመንበር ራሱ ንግግር ሊያደርግ መጣ። ባለ ኮፍያው ነው። ሸብቷል፤ ሳቁ ግን አልሸበተም። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት በፕሮጀክተር አሳዩን፤ የአባቴን ፊርማ አወቅሁት፤ ጅራቷ እንደ ፔዳል የታጠፈች።

«ይህ ሰው» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ጨዋ ሰው ነበር፤ እኔም እወደው ነበር። ግን ቸኮለ። ነፋስ ባንዲራዬን ድልድዩ ጋ ወስዶብኛል፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። እሱ ባዶ መኪና አይቶ ገመድ ፈታ! የአንድ ወጣት ሕይወት ተበላሸ። ሰፈሩ ዛሬም ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ?»

«ገመድ ፈቺው!» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

እስከ ዛሬም አልተገኘም። ይህችን ስሰማ ሆዴ ላይ፣ በትክክል እዚያ ቦታ፣ የታጠፈ ጨርቅ ተሰማኝ። መጮህ ይገባኝ ነበር። አልጮህኩም፤ ባዶ እጅ ጩኸት ምን እንደሚሆን አባቴ ላይ አይቻለሁ። ስንወጣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዳችንን ጨበጠ፤ ኮፍያ አደለን። ለኔም ሰጠኝ። አላወቀኝም።

ቤት ስደርስ አባዬ ካቴና ያጥባል። አቧራ የጠጣውን ብስክሌት ከጓዳ ጎትቼ ፊቱ አቆምኩት።

«ማን ንኪው አለሽ?»

«ኮርቻውን አውጣልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«አባዬ፣ አውጣልኝ። ከዚያ የፈለግኸውን አድርገኝ።»

ፊቴን አየ። ሌላ አልጠየቀም። አሥራ ሰባት ዓመት ዝጎ ተጣብቋል፤ ዘይት አፈሰሰበት፣ ጠበቀ፣ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ኳኳ፣ ብስክሌቱን ገልብጦ በጉልበቱ ይዞ ጠመዘዘ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በመጨረሻ ዘንጉ እንደ በር ጮኾ ወጣ። ጣቴን ሰድጄ ጨርቁን ሳብኩ። እጥፋቱ ላይ ዝገት በልቶታል፤ አረንጓዴነቱ ግን አለ። የውድድሩ ዓርማ አለ፤ ዓመቱ አለ፤ በጥቁር ቀለም የመኪናዋ ቁጥር አለ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ጎማውን፣ ሩጫውን፣ ቦዩን፣ ሹራቤን። እያየኝ አልነበረም። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በዘይታማ አውራ ጣቱ እጥፋቱን ያስተካክላል። እማዬ ድምፃችንን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። አባዬ ጨርቁን ወደሷ ከፍ አደረገው።

«አየሽ?» አላት።

ያ ብቻ ነው። እማዬ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች።

እኔን አላናገረኝም። ያን ቀንም፣ እስከ ውድድሩ ድረስ በነበሩት ስድስት ቀናትም። «ልጅ ነበርሽ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። ልክ ነው። ያየሁትን ሁለት ገጽ ጽፌ ፈርሜ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ መፍቻዎቹ መሃል አስቀመጥኩለት። በማግስቱ አልነበረም።

የውድድሩ ቀን ያንኑ መስቀለኛ ጠይቄ ወሰድኩ። ገመዱን ከዚያው ምሰሶ እስከዚያው በር ብረት ወጠርኩ። ቀይዋ አለፈች። ገና ብስክሌተኞቹ ሳይመጡ የሱቁ በር ተከፈተና አባዬ ወጣ። ትከሻው ላይ የካውያ ጠባሳ ያለበትን ሰደርያ ለብሷል። በእጁ ጨርቁና የታጠፈ ወረቀት አለ። ገመዱ ኋላ፣ ሕዝቡ መሃል ቆመ። «ገመድ ፈቺው ወጣ!» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ሳቀ፤ ማንም አላገዘውም።

የሊቀመንበሩ መኪና አለፈች፤ መስኮቱን አውርዶ ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ። አባዬ ሲያየው ደረቱ ገመዱን ገፋው።

«ፍቺልኝ» አለኝ። በስድስት ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አረንጓዴዋ አላለፈችም።»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ንዴት ለኔም፣ ለዚያም ሰው፣ ለሰፈሩም ይበቃል።

«በመካከል?» አለ።

«ማንም አያልፍም። አባቴም ቢሆን።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ቆመ። ብስክሌተኞቹ መጡ፤ ያው የጨርቅ መቀደድ፣ ያው ነፋስ፣ አለቁ። የቡድን መኪኖች አለፉ። ወደ ኋላ የቀሩት ተንጠባጠቡ። መንገዱ ጭር አለ። የኔ እጅ ገመዱ ላይ ነው፤ የሱ እጅ ጨርቁ ላይ። ከአደባባዩ ድምፅ ማጉያው ሊቀመንበሩ ዋንጫ እንደሚሰጡ ያውጃል፤ ጭብጨባ ይሰማል። ሰው «አለቀ እኮ፣ ፍቺው» አለኝ፤ አልፈታሁም። በመጨረሻ አንድ ብቸኛ ብስክሌተኛ፣ ጉልበቱ በደም የተለወሰ፣ ጥርሱን ነክሶ አለፈ። ከኋላው፣ በእርምጃው ልክ እየተሳበች፣ ጣሪያዋ ላይ አረንጓዴ የተከለች መኪና።

ፊሽካዬን ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ገመዱን ፈታሁለት።

ወደኔ ሳይዞር አለፈ። አልሮጠም፤ ጨርቁን ከፍ አድርጎ በመንገዱ መሃል ወደ አደባባዩ ሄደ። ሰው ቀስ በቀስ ከኋላው ይከተለው ጀመር፤ ጎረምሳውም ጭምር። እኔ ገመዱን መጠቅለል ነበረብኝ፤ ሥራ ነው። ከክርኔ እስከ መዳፌ፣ ከክርኔ እስከ መዳፌ እየጠቀለልኩ አዳመጥኩ። ድምፅ ማጉያው «የተከበሩ ሊቀመንበራችን አሁን…» አለና መሃል ላይ ቆመ።

ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ ወርውሬ ሮጥኩ።